ወንድሜ አላስካ በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚመላለሰው፤ እናቴ እንቅልፍ አጥታለች

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ የመጣሁት ጥያቄ ይዤ ነው፤ ቀልዱን ሌላ ቀን እናደርሳለን።

ታናሽ ወንድሜ አላስካ ነው። ዓሣ ፋብሪካ ይሠራል። ፋብሪካው ያለበት መንደር መኪና የሚገባበት መንገድ የለውም። ከአንኮሬጅ ተነስቶ መሀል ላይ አንድ ከተማ ይወርዳል፤ ከዚያ ዘጠኝ ሰው በምትጭን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይሄዳል። ይህን ሁሉ ከእናታችን ደብቀን ነበር። ቅዳሜ ዕለት ቡና ላይ አንዷ ጎረቤት ስልኳን ከፍታ፣ በፈረንጆቹ 2025 ፌብሩዋሪ አላስካ ላይ አሥር ሰው ይዛ ባሕር በረዶ ላይ የወደቀችውን አውሮፕላን አሳየቻት። አሥሩም አልተረፉም። እማዬ አቦሉን እንኳ ሳትጨርስ ስኒውን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እየተነሳች «ደወለ ወይ?» ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች ብርድ አገር ላይ ለምንድን ነው የሚወድቁት? ሞተሩ ይቀዘቅዛል? የሚያውቅ ካለ ሳይሸፋፍን ይንገረኝ። ለእሷ የሚነገረውን እኔ እመርጣለሁ።

ሸዋ በር (ደሴ)
2:18

ብርድ ካልክ ደሴ ና። ዛሬ ጠዋት ከጦሳ የወረደው ጉም ቤታችን ድረስ ገብቶ ቁርስ ሊበላ ምንም አልቀረው። አብሽር ወንድሜ፣ ለእማማ ሰላም በልልኝ።

ጋሼ መፍቻ (ኮምቦልቻ)
2:51

ልጄ፣ እኔ አውሮፕላን ጥገና ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። የማውቀውን ልንገርህ። ረዘም ይላል፤ ሻይህን ያዝ።

መጀመሪያ ነገር ብርዱን ተወው። ብርድ ለአውሮፕላን ጥሩ ነው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም በደንብ ይሠራሉ። የኛ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትመታ እዚህ የሚነሳ አውሮፕላን ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። አየሩ ስስ ነው። አላስካ ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሆነ ደረቅ ብርድ የሚነሳው ግን ብድግ ነው የሚለው።

ጠላቱ እርጥበቱ ነው። ደመና ውስጥ ያለች የውሃ ጠብታ ከዜሮ በታች ወርዳም ሳትረጋ መቆየት ትችላለች። የምትነካው ነገር ነው የምትጠብቀው። ክንፉ ሲመጣላት እዚያው ተለጥፋ በረዶ ትሆናለች። ይህ በብዛት የሚሆነው ከዜሮ እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለው መሀል ነው። ስለዚህ አብራሪ የሚፈራው አፍንጫ የሚቆርጠውን ብርድ ሳይሆን ለዘብ ያለውንና እርጥቡን ነው።

ሰው በረዶ ሲባል ክብደቱ ይታየዋል። ክብደቱም አለ። ዋናው ግን የክንፉ ቅርጽ መበላሸቱ ነው። አውሮፕላን የሚያነሳው ቅርጹ ነውና። አናጢ እንጨት የሚፈገፍግበትን የብርጭቆ ወረቀት ታውቀዋለህ? የዚያን ያህል ሸካራ የሆነ ውርጭ ብቻ የክንፉን የማንሳት አቅም እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን ጉተታ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ከሩቅ ስታየው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አብራሪ ጓንቱን አውልቆ የክንፉን ግንባር በባዶ እጁ የሚዳብሰው። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል።

ጎረቤታችሁ ያሳየቻት አደጋ ሴስና ካራቫን የምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው። ከኡናላክሊት ወደ ኖም፣ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ። ዘጠኝ ተሳፋሪና አንድ አብራሪ። መርማሪዎቹ ባወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት መሠረት፣ በረዶ በሚሠራ አየር ውስጥ ለመብረር ከተፈቀደላት ክብደት በላይ ወደ 1,000 ፓውንድ ጭና ነበር። በእኛ ሂሳብ አራት ኩንታል ተኩል ጤፍ በለው። መጨረሻ ላይ ፍጥነቷ እየወረደ ሄደ፤ ከዚያ ከፍታዋን ጣለች።

አካሄዱ በጥቅሉ እንዲህ ነው። በረዶ ሲይዝ ፍጥነት ይወርዳል። ከፍታ ለመጠበቅ አፍንጫው ቀና ይላል። አፍንጫው ቀና ሲል የክንፉ ሆድም በረዶ መሰብሰብ ይጀምራል። እንደገና ፍጥነት ይወርዳል። አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ) ከበራ ደግሞ ዝም ብሎ ይታገላል። አብራሪው መሪውን በእጁ ስላልያዘ ክንዱ ላይ የሚሰማው ነገር የለም። አውቶፓይለቱ «በቃኝ» ብሎ የለቀቀ ዕለት በእጁ የሚገባው የደከመ አውሮፕላን ነው።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)
3:02

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እና በረዶውን የሚያራግፉበት ነገር የላቸውም?

ጋሼ መፍቻ (ኮምቦልቻ)
3:20

አላቸው። አንዳንዱ ክንፉ ግንባር ላይ እንደ ከመነዳሪ ያለ ጎማ አለው፤ በአየር ይነፋና በረዶውን ይሰነጥቀዋል። አንዳንዱ ከክንፉ ግንባር በጥቃቅን ቀዳዳዎች በረዶ የማያስይዝ ፈሳሽ ያወጣል። ግን ሁሉም የተሠራው ከዚያ አየር ቶሎ እንድትወጣ ነው። እዚያው ውስጥ እየዞርክ እንድትኖር አይደለም። ዣንጥላ ይዘህ ቦርከና ውስጥ አትዋኝም አይደል?

ሞተሩ ይቀዘቅዛል ወይ ላልከው፣ የቆመ ሞተር አዎ። ዘይቱ ይወፍራል። የድሮ የአላስካ አብራሪዎች ማታ ሲያርፉ ዘይቱን በጣሳ ቀድተው ቤት ያስገቡት ነበር። ጠዋት ምድጃ ላይ ያሞቁትና እየሮጡ ይሞሉታል። ዛሬ ማሞቂያና ብርድ ልብስ አለ።

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ግን ሌላ ጣጣ አለበት። ቤንዚኑ ሲተን አየሩን በጣም ያቀዘቅዘዋል፤ 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። እርጥበት ካለ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ይሠራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። እና ልብ በል፣ ይህ ውጭው ሞቅ ባለበት ቀንም ይሆናል። በሐምሌ ጠዋት እዚህ ኮምቦልቻ ላይ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ «ብርድ አገር» የምትሉትን ነገር በልኩ ያዙት።

ሐረጎ ሚኒባስ (ደሴ–ኮምቦልቻ)
3:34

እኔ አውሮፕላን አላውቅም፤ መሪ ግን አውቃለሁ። ጋሼ ያሉትን ሳነብ አንድ ቀን ትዝ አለኝ።

ነሐሴ ነው። ከኮምቦልቻ ስነሳ ፀሐይ ነበር። የሐረጎን ዳገት ግማሽ ስወጣ ጉሙ ጭምድድ አደረገኝ። የፊት መስታወቱ ነጭ አንሶላ ሆነ። ረዳቴ ወርዶ የስልኩን መብራት ወደ ኋላ እያሳየ በእግሩ ከፊቴ ይሄዳል፤ እኔ የሱን ጫማ እያየሁ እነዳለሁ። በዚህ መሀል ከኋላ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? «ሹፌር ጠብቅ» የሚል አንድ ሰው የለም። «ቶሎ በል፣ ሰዓት ሄደ» ነው። ዳር ይዤ ልቁም ስል አንዱ ሂሳቤን መልስልኝ አለኝ።

ያን ቀን የቆምኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ረዳቴ ድንጋይ መትቶት ወደቀ፣ ደነገጥኩ፣ ቆምኩ። አብራሪውም ያው ሰው ነው። እሱ ግን ዳር ይዞ መቆም አይችልም። ይህን ሳስበው ሆዴ ባባ።

መምህርት (ደሴ፣ ሆጤ)
3:58

ሐረጎ ሚኒባስ፣ ያልከው ነገር በሙከራ የታየ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደመና ውስጥ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ተማሪዎችን ወስደው ውጭ ማየት እንዳይችሉ አደረጓቸው። ሃያዎቹም መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የፈጀው ጊዜ 178 ሴኮንድ ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ምክንያቱ ጆሯችን ነው። ሚዛናችንን የሚጠብቀው በውስጠኛው ጆሮ ያለ ፈሳሽ ነው። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ከዞረ ፈሳሹ ይለምደውና «ቀጥ ብለሃል» ይልሃል። ዓይን ከበራ ጆሮን ያርመዋል። ዓይን ነጭ ብቻ ሲያይ ጆሮ ብቻውን ይቀራል፤ ይዋሻልም። ለተማሪዎቼ ይህን ሳስረዳ ዓይናቸውን አስጨፍኜ በሚሽከረከር ወንበር ላይ አዞራቸዋለሁ። ወንበሩ ሲቆም «አሁን ወደ ግራ እየዞርኩ ነው» ብለው ይምላሉ። ክፍሉ ይስቃል።

በረዶ አገር ላይ ደግሞ ጉም ሳይኖርም ዓይን ይጠፋል። መሬቱ ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፣ ጥላ የለም። አብራሪው መሬቱ አሥር ሜትር ይራቅ መቶ ሜትር አይለየውም። በረዶ ላይ የሚያርፉ አብራሪዎች አንዳንዴ የጥድ ቅርንጫፍ ወይም ጠቆር ያለ ከረጢት ወደ መሬት ይጥላሉ። ዓይን የሚይዘው አንድ ነጥብ ለማግኘት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታ መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። አየሩ በጣም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መለኪያው ግን ይህን አያውቅም። ከመደበኛው በ50 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ውስጥ ከማረፊያው በላይ 1,000 ሜትር ላይ ነህ ሲልህ፣ እውነቱ 800 አካባቢ ነው። ከፊትህ ያለው ተራራ 850 ከሆነ ቀሪውን ራስህ ሥራው።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)
4:15

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁሉን ነገር አብራሪው ላይና በረዶው ላይ ባንደፈድፈው ጥሩ ነው። ነገሩ የመንገድ ጉዳይ ነው። አላስካ 1.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመላው ኢትዮጵያ ይሰፋል። ከመንደርና ከተሞቹ 82 በመቶ የሚሆኑት ከዋናው መንገድ ጋር አይገናኙም። ዳቦ፣ መድኃኒት፣ ፖስታ፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሬሳ፣ ሁሉም በትንሽ አውሮፕላን ነው። ስለዚህ ብዙ ይበራሉ፤ ብዙ የሚበር ብዙ ይወድቃል። እኛ ጋ ሚኒባስ ብዙ የሚገለበጠው ብዙ ስለሚሄድ ነው።

ጋሼ መፍቻ (ኮምቦልቻ)
4:29

ቧንቧ ውሃ፣ ግማሹን አምኜልሃለሁ። ሌላው ግማሽ ግን አይሄድም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከ2008 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ያለውን ቆጥሮ፣ የአላስካ የአደጋ መጠን ከቀረው የአሜሪካ ክፍል 2.35 እጥፍ እንደሚሆን ገልጿል። ይህ በመጠን ነው፤ በብዛት አይደለም። የበረራው ብዛት ተሰልቶ ነው። ሰው የሚሞትበት አደጋ ደግሞ 1.34 እጥፍ። ልዩነቱን አየኸው? ብዙው አደጋ ጎማ መሰበር፣ ከማኮብኮቢያ መውጣት፣ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው። ሰው ይወርድና ልብሱን አራግፎ ይሄዳል። ይህን ለእማማ መንገር ይቻላል።

መንገድ የለም ያልከው ግን እውነት ነው፤ የሚገፋፋውም እሱ ነው። መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው እንዳለ እያወቅህ «ዛሬ አልነሳም» ማለት ከባድ ነው። የሐረጎው ልጅ እንዳለው ሂሳቤን መልስ የሚልም አይጠፋም።

የቦሩ ሜዳ ሰው
4:47

እኛስ አገር? ነሐሴ 1 ቀን 1981 የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ? ሚኪ ሌላንድ የሚባሉ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በምክር ቤቱ የረሀብ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ትዊን ኦተር በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ሲሄዱ ተራራ መታቸው። 16 ሰው። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ አገሩ ሁሉ ይጠብቅ ነበር። በረዶ የለም፣ አላስካ አይደለም። ክረምት፣ ደመናና ተራራ ብቻ። እኛ ወሎዬዎች በረሀብ ስማችን ስለተነሳ ለረሀብተኛ ሲሄድ የሞተ ሰው አንረሳም።

መምህርት (ደሴ፣ ሆጤ)
5:05

ነፍስ ይማር። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አልተገኘም። ኦክቶበር 16 ቀን 1972 ሄል ቦግስና ኒክ ቤጊች የተባሉ ሁለት የምክር ቤት አባላት ከአንኮሬጅ ወደ ጁኖ ሲሄዱ በሴስና 310 አውሮፕላን ጠፉ። 39 ቀን ተፈለጉ። እስከ ዛሬ ስባሪ አልተገኘም። የሚገርመው፣ አብራሪው በዚያው ሰሞን ለአንድ የአቪዬሽን መጽሔት በረዶ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም የሚል ጽሑፍ ሰጥቶ ነበር። ጎበዝ አብራሪ እንደነበር ይነገራል። እኔን የሚያሳስበኝ ጎበዙ ነው። ጀማሪው ይፈራል።

ከዚያ በኋላ ነው በአውሮፕላኖች ላይ በአደጋ ጊዜ ራሱ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ግዴታ እየሆነ የመጣው።

ሸዋ በር (ደሴ)
5:11

ኧረ ሰዎች፣ ልጁ እናቱን ሊያጽናና ነው የመጣው። የጠፋ፣ የወደቀ፣ ያልተገኘ። አንድ ደግ ነገር አውሩ እንጂ!

ጋሼ መፍቻ (ኮምቦልቻ)
5:26

እውነትህን ነው። ደጉ ነገር ካሜራው ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላስካ ውስጥ በተራራ መተላለፊያዎችና በማረፊያዎች አጠገብ ካሜራ እየተተከለ፣ ዛሬ ከ200 በላይ ቦታ ላይ አለ። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ስልኩን ከፍቶ ሸለቆው ክፍት ነው ዝግ ነው ብሎ በዓይኑ ያያል። በፊት ሄዶ ነበር የሚያረጋግጠው። ሄዶ ማረጋገጥ ማለት ምን እንደሆነ ከላይ ብላችሁታል።

ሐረጎ ሚኒባስ (ደሴ–ኮምቦልቻ)
5:31

እኛም ካሜራ አለን። ሐረጎ አናት ላይ ሻይ የምትሸጥ ልጅ አለች፤ ከኮምቦልቻ ከመነሳታችን በፊት እንደውልላታለን። «ምን ይታይሻል?» «የራሴ ጀበና አይታየኝም» ካለች አንነሳም። ለካርድ አሥር ብር እንልክላታለን።

አላስካ ያለሁት
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድም ጋሼ ይህን ላከልኝና አነበብኩት። እዚህ ገና እሑድ ማታ ነው። ተሳፋሪ ሆኜ የማየውን ልጻፍ።

ጣቢያው አንድ ክፍል ነው። መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያቆሙሃል፤ ከነካፖርትህ፣ ከነቦትህ፣ ከነቦርሳህ። ሁሉም ሰው እያየ። መጀመሪያ ቀን አፍሬ ነበር። ሴትየዋ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈችና አብራሪው አነበበው። «አንተ ከኋላ፣ አንተ ከፊት» እያለ አስቀመጠን። አንድ ሰው የሩዝ ከረጢት ይዞ ነበር፤ ሞላ ተብሎ ቀረ። ሰውየው ተናደደ። አሁን ጋሼ ያሉትን አራት ኩንታል ተኩል ሳነብ ያ ከረጢት ታየኝ።

ባለፈው ወር ተነስተን ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደን ደመናው ዝቅ አለ። ከመስኮቱ በኩል ክንፉን የያዘው ዘንግ ላይ ነጭ ነገር ሲያድግ አየሁ። ጣት የሚያክል ነው የሆነው። አብራሪዋ ሴት ናት፤ ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው። ምንም አላለችም፤ አውሮፕላኑን አዞረችው። መልሳ አወረደችን። አንዱ ከኋላ ተሳደበ፤ የሥራ ቀኑ ሊያልፍበት ነው። እሷ ወርዳ በእጇ ከዘንጉ ላይ በረዶውን ሰብራ አሳየችው። ከዚያ ቴርሞሷን አውጥታ ቡና ቀዳች። እኛ ሁለት ሌሊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተኛን። ለእማዬ ያን ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ያልኳት እሱ ነበር። ይቅርታ።

ጋሼ መፍቻ (ኮምቦልቻ)
3:52

ያቺ ልጅ ትባረክ። ስትመጣ እኔ ቤት ቡና አለህ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ለእማዬ ብዙውን አነበብኩላት። የወደቁትን ዘለልኩ። የዘይቱን ማሞቅ ስትሰማ ሳቀች። አውሮፕላኗን ያዞረችውን ልጅ ስም ጠይቅልኝ አለች፤ ለስለት ነው። ሚዛኑ ላይ ስደርስ ግን አስቆመችኝና ስንት እንደሆነ አስደወለችኝ። 68 ኪሎ።

«ከነካፖርቱ?»
አዎ።
«ከነቦቱ?»
አዎ፣ ከነቦርሳውም።
«እና ልጄ ራሱ ስንት ቀረው?»

አሁን ጭንቀቱ ከአውሮፕላን ወጥቶ ወደ ምግብ ገብቷል። በሶና ቆሎ እያሰናዳች ነው። ወደ አንኮሬጅ የሚሄድ ሰው የሚያውቅ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ክብደቱን ከአሁኑ ልናገር፤ 4 ኪሎ ነው፣ መዝኜዋለሁ።